የቀይዋ የመጨረሻ ወንዴ

«ያችን ሥራ ጨርሼልዎታለሁ፣ አበልጄ» አለ ኦዲሎን፣ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሷል፣ ጫማው ጭቃ ለብሷል። ፊቱ ላይ ግን ቁርስ ይገባኛል የሚል ሰው ፈገግታ አለ።

ኤፍሮሲና የመሰላት የውሃው ጎማ ነው። ከምንጩ ወደ ላይኛው ማሳ የሚወርደው ጎማ መገጣጠሚያው ላይ ተቀዶ፣ ዝናቡ ባባራበት ሰሞን ውሃው መንገድ ላይ ሲፈስ ነበር የሰነበተው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «እስቲ ከቻሉ ይዩልኝ» ብላው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ! በዚህ ጉልበትዎ እዚያ ድረስ ወጡ?»

«ገና ጎህ ሲቀድ።»

«አላስቸገረዎትም?»

«ምን ያስቸግራል፣ አንዴ ሳብ ማድረግ ነው። ልምድ ነዋ!»

ለገበያ ያስቀመጠቻቸው ሁለት እንቁላሎች ነበሩ። ሰብራ በቃሪያና በቲማቲም ጠበሰችለት፤ ከጎኑ ጥቁር ቦሎቄ ጨለፈችለት፤ ትኩስ ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣዋን፣ እየጋገረች በጨርቅ ትጠቀልልለት ጀመር። ኦዲሎን ሲበላ አያወራም። ዝም የሚልበት ሰዓት ይኸው ብቻ ስለሆነ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በቀን አራት ጊዜ ታበላው ነበር እንላለን። ደግነቱን ግን ማንም አይክደውም። የኤፍሮሲናን ልጅ ማክሪናን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ያልረዳበት ነገር የለም። ባሏ ኔሬዮ ሞቶ ዓመት ሳይሞላው እንኳን፣ ሚስቱ የሞተችበትን አንድ የበቅሎ ነጋዴ አዲስ ባርኔጣ አስደፍቶ፣ ሊድራት ለምሳ ይዞባት መጥቶ ነበር። ሰውየው ሄዶ የኔሬዮ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ኤፍሮሲና አበላችው፣ አጠጣችው፣ መንገዱን አሳየችው።

«ለመሆኑ በምን አሰሩት? ሽቦ ይዘው ነበር?» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ሊጡን በመዳፏ እያሳሳች።

«ምኑን?»

«ጎማውን ነዋ።»

«የምን ጎማ?» ኦዲሎን ቶርቲያውን ቦሎቄው ውስጥ እንደ ነከረ ቀና አለ። «እሱንማ አየሁት፤ ተበጣጥሷል፣ አዲስ ነው የሚፈልገው። እኔ የምልዎት ወንዴውን ነው። ከአራቱ አንዱ ወንዴ ወጥቶብዎት የለም እንዴ! ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ነቅዬ ገደል ሰደድኩልዎት።»

ኤፍሮሲና አልዞረችም። ብረት ምጣዱ ላይ ያለችው ቶርቲያ ጠርዟ ጠቆረ፣ ቀጥሎ መሐሏ ጠቆረ፣ ከዚያ መጨስ ጀመረች። ማንም አላነሣት።

አንድ ተክል መንቀል ምኑ ነው የሚል ይኖራል። እሱ የጌሬሮን ተራራ አያውቀውም። ቀይዋ የምንላት ማሪዋና በኔሬዮ ቤት ከእናት ለልጅ ስትተላለፍ የኖረች ናት፤ ከበቆሎው ዘር እኩል በቅል ተቀምጣ፣ አፏ በሰም ተደፍኖ። ቅጠሏ እንደ ጣት የቀጠነ፣ ሴቴዋ ስትደርስ ቁመቷ የሰው እጥፍ፣ የአበባዋ ፀጉር ዝገት የሚመስል፣ ሽታዋ የኮምጣጣ ብርቱካን ልጣጭ ነው። በአልኮል ተዘፍዝፋ ጉልበት ላይ ስትታሽ ሽማግሌ ታስጨፍራለች። አንድ ጥፋት ብቻ አለባት፤ አትቸኩልም። ሌላው የሙታን ቀን ሳይደርስ ሲታጨድ እሷ ገና ታብባለች፤ የምትደርሰው የገና በዓል አልፎ ነው።

ምርቱን የሚወስዱት ገዢዎች ግን ይቸኩሉ ነበር። ፍሬ ያለበት ዕቃም አይወዱም፤ ፍሬ እንዳይዝ ደግሞ ወንዴው ብናኙን ሳይበትን መነቀል አለበት። አንድ ዓመት የአንድ ሰነፍ ሰው ወንዴ ፈነዳና ነፋሱ የተራራውን ሴቴ በሙሉ ፍሬ አስያዘው። ገዢዎቹ ምርቱን በነዳጅ አቃጥለው፣ የሰውየውን ሁለት እጆች ሰብረው ሄዱ። በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ፤ ኦዲሎን ወንዴ ጠባቂ ሆኖ ተመረጠ። ዐይኑ ስል ነው፤ አበባው የክብሪት ጫፍ ሳያክል ይለየዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝናቡ ባባራ ቁጥር በየሰዉ ማሳ እየዞረ ወንዴ ሲነቅልና ገደል ሲሰድ ኖረ። ሄሮድስ ነበር የምንለው። እሱም አብሮን ይስቃል።

ዘሯን በድብቅ የሚያድሳት ኔሬዮ ብቻ ነበር። በየሁለት ዓመቱ ነፋስ ከታች በማይደርስበት ከላይኛው ማሳ ጥቂቱን ከነወንዴው ይተዋል፤ የሚያውቀው እሱና ሚስቱ ናቸው። ከዚያ በሰሜን ከድንበሩ ማዶ ያሉት በፈቃድ በየሱቁ መሸጥ ጀመሩ፤ ገዢዎቹ ቀሩ፤ ዋጋው ለመከሩ ድካም እንኳን የማይበቃ ሆነ። ወጣቱ ወደ ሰሜን ነጎደ፣ ማክሪናም ሄደች። ኔሬዮ በስኳር በሽታ እግሩ ተቆርጦ ሦስት ዓመት ተኛ። ተኝቶም ቅሉን እያየ «አድሺያት፣ እንዳትሞትብሽ» ይላታል። እሷ ደግሞ እሱ እንዳይሞትባት ስትል ቅሉን ረሳችው።

ዘንድሮ ቅሉን ከፈተችው። ሰባ ሁለት ፍሬ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ይዛ ዞረች፤ አራት በቀሉ። የቀሩት እንደ አሸዋ ሆኑ። ከአራቱ ሦስቱ ሴቴ፣ አንዱ ወንዴ ወጡ። ወንዴውን የለየች ዕለት የኔሬዮ ፎቶግራፍ ፊት ቆማ ብቻዋን ሳቀች። ለማንም ግን አልነገረችም። ወንዴ ማስቀመጥ እጅ የሚያሰብር ነገር በነበረበት አገር ያረጀች ሴት ናት፤ ገዢ ቢጠፋም አፏ አልለመደም።

«ቶርቲያዋ አረረች» አለ ኦዲሎን።

«የቱ ገደል?»

«ምን?»

«የቱ ገደል ነው የጣሉት? ለዘር ነበር ያስቀመጥኩት፣ አበልጄ። ሌላ የለም።»

ኦዲሎን የያዘውን ቶርቲያ ሳህኑ ላይ መለሰው። «ለዘር» አለ ቀስ ብሎ። «ታዲያ ምነው አንድ ቃል ቢነግሩኝ?»

«ለማን? ለሄሮድስ?»

ገመድና ባልዲ ይዛ ወጣች። እሱ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ እያነከሰ ተከተላት። አንድ ሰዓት የሚያስኬድ አቀበት ነው፤ በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ «እጄ ነው እኮ» አላት፤ «ዐይኔ ሳያስብ እጄ ነው የሄደው»። ማሳው ላይ ሲደርሱ ሦስቱ ሴቴዎች በበቆሎው መሐል ቆመዋል። በአራተኛው ቦታ ጡጫ የሚያክል የጉድጓድ ምልክት ብቻ አለ፣ በወጉ አፈር ተመልሶበት። ኦዲሎን ሥራው ንጹሕ ነው።

ወንዴው ሦስት ሰው ቁመት ያህል ወርዶ እሬት በሚመስል አንድ ማጌይ እሾህ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሥሩ ወደ ፀሐይ ዞሯል።

«እኔ ልውረድ» አለ ኦዲሎን።

«እርስዎ ከወረዱ ማን ያወጣዎታል?»

ገመዱን ጥድ ላይ አሰረች፣ ወገቧ ላይ ጠመጠመችው፣ ቀሚሷን ሰብስባ በቀበቶ ያዘችና በሥልሳ አንድ ዓመቷ ገደል ወረደች። እላይ ኦዲሎን ገመዱን ይዞ ጸሎት ያነበንባል፤ በመሐል «ግራ እግርዎን! ድንጋዩ ላይ! እሱ አይደለም!» ይላል። ስትወጣ ክንዷ ተቧጥጦ ይደማል። ተክሉን በጥርሷ ነክሳዋለች።

እንደ ታጠበ ጨርቅ ተልፈስፍሷል። ባልዲው ውስጥ ውሃ አድርጋ አቆመችው፤ አጋደለ። አንዱን እምቡጥ በጥፍሯ ከፈተችው፤ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ነው። ብናኝ የሚባል ነገር የለበትም። እምቡጡን መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት።

«እርስዎ ነዎት አዋቂው። ስንት ቀን ቀርቶት ነበር?»

ኦዲሎን አየው። ሃያ ዓመት የሠራበት ዐይን መዋሸት አልቻለም። «አሥር ቀን... ምናልባት አሥራ ሁለት።»

«ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም አላሉኝም?»

«እሱማ» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «እንዲያመሰግኑኝ ብዬ ነው።»

ኤፍሮሲና ባልዲውን ወደ ጥላ ሳበችው፤ ውሃውን ለወጠችለት፤ ደረቁን ሥር ቆረጠችለት። ቀና ስትል ኦዲሎን የለም።

ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለች። ጎማውን ራሷ በጨርቅና በገመድ አሰረችው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ባልዲው ውስጥ ያለው ቀስ እያለ አንገቱን ደፋ። ሴቴዎቹ ነጫጭ ፀጉራቸውን ማውጣት ጀምረዋል። ይህን ሥራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብናኝ ያልመጣላት ሴቴ እየጠበቀች ትወፍራለች፣ ሙጫዋ ይበዛል፣ ሽታዋ ይከብዳል። ገዢዎቹ ይወዱት የነበረው ይህንኑ ነው። ገና ሲያልፍ ታጭዳቸዋለች፣ አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፋቸዋለች፣ ስድስት ሰባት ጠርሙስ ይወጣቸዋል። ጠርሙሱ ሲያልቅ ቀይዋ አለቀች። ለማክሪና በስልክ ምን እንደምትላት አሰበችና ተወችው፤ ማክሪና «እማዬ፣ መሬቱን ሸጠሽ ነይ» ከማለት ሌላ መልስ ኖሯት አያውቅም።

ፀሐይ ከሩቅ ወደሚታየው ባሕር ስታጋድል ከታች እያነከሰ የሚመጣ ሰው አየች። ኦዲሎን ነው፤ ባዶ ራሱን፣ ትከሻው ላይ እርጥብ ጆንያ ተሸክሞ። ከጆንያው አፍ አጭር፣ ቅጠለ ሰፊ ተክል ብቅ ብሏል፤ አበባው ተከፍቷል፣ ብናኙ የኦዲሎንን እጅጌ ቢጫ ቀብቶታል። ኤፍሮሲና ጣቷን በምራቅ አርሳ ወደ ላይ አነሣች። ነፋሱ ከእሷ ወደ እሱ ይነፍሳል። ቶሎ ብላ ወደ ማሳው አጥር መግቢያ ሄደችና በሩን በሽቦ አሰረችው።

«እዚያው ይቁሙ! እንዳያራግፉት!»

«የኡባልዶ ነው» አለ እያለከለከ። ኡባልዶ ከሸለቆው ማዶ ከውጭ የመጣውን አዲሱን ዘር፣ በሦስት ወር የሚደርሰውን የሚዘራው ጎረምሳ ነው። «ዛሬ ሊነቅለው ነበር፤ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ሄሮድስ ወንዴ ለመነ ብሎ ለሰው ሁሉ ይነግራል።»

ሸለቆውን ወርዶ ወጥቶ ነው የመጣው። ግራ ጉልበቱ ሱሪው ውስጥ እንደ ፓፓያ አብጧል።

ኤፍሮሲና ማሳው ዳር ወዳለችው የጥበቃ ጎጆ ገብታ አንዲት ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ኔሬዮ የዘፈዘፋት የመጨረሻዋ ናት፣ ከታች ሁለት ጣት ያህል የቀረች። በሽቦው በላይ አሳልፋ ሰጠችው።

«ይቀቡት። ሲቆሙ እያየሁ እኔን ያመኛል።»

ኦዲሎን ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት። «ሌላ አለዎት?»

«የለም።»

ጠርሙሷን ኪሱ ከተታት። ጆንያውን ግን አላወረደም። እሷም አየችው፤ አበባውን፣ ብናኙን። ግማሽ ቀይዋ ከምንም አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብ ሳይመጣባት አልቀረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው የመጣባት። ግማሽዋ ትቸኩላለች፤ የልጇ ልጅ ጨርሶ ትቸኩላለች፤ ስሟን ግን ሰዉ ቀይዋ እያለ ይቀጥላል።

«በሩን ይክፈቱልኝ እንጂ፣ አበልጄ» አለ ኦዲሎን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ብናኙ ያልቃል። የሄደውስ ሄደ፤ እኔን ይርገሙኝ። ይኼ ደግሞ አይተውታል፣ ጠንካራ ነው፣ በሽታ አያውቀውም። እንዲሁ ባዶ ከመቅረት የተገኘውን መያዝ ነው።»

ኤፍሮሲና ሽቦውን አንድ ዙር ጨመረችበት።

«ኔሬዮ ሞቶ የበቅሎ ነጋዴውን ያመጡልኝ ጊዜም ይህንኑ ነበር ያሉኝ» አለችው።