ሁለተኛው ቁልፍ

የፈታሿ ሥራ በሰው ፋንታ ድረ ገጽ የሚፈትሽ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ፕሮግራሙ ብራውዘሩን ራሱ ከፍቶ የአንድ የዓይን ሆስፒታል የቀጠሮ ገጽ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ታካሚ ስም ይሞላል፤ ቁልፎቹን ይጫናል። ሁሉም ከሠራ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንዱ እምቢ ካለ ይቀላል። ፕሮግራም ግን ዓይን የለውም። የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን በምልክት ሊነገረው ይገባል። እሷም እያንዳንዱን ቁልፍ የምትጠራው ገጽ ሠሪዎቹ ከውስጥ በሰጡት መለያ ነበር።

ገጽ ሠሪዎቹ ገጹን የሚሠሩበትን ፕሮግራም ሲቀይሩ መለያው በየቀኑ የሚለዋወጥ ሆነ። በአንድ ስም ያደረ ቁልፍ ጠዋት በሌላ ስም ይነሳል። ከመቶ አርባ ፍተሻዎቿ አብዛኞቹ ቀልተው ይጠብቋት ጀመር። ስትጠግን ትውላለች፤ በማግስቱ ያው ነው። ውሃ ወቀጣ።

የገጽ ሠሪዎቹን ኃላፊ ለየቁልፉ የማይለወጥ መለያ እንዲያስቀምጥላት ለመነችው። ይህን ሰው ቢሮው በሙሉ «ሰሞኑን» ይለዋል፤ ምንም ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ነውና። ሦስት ጊዜ ጻፈችለት፤ ሦስቴም «ሰሞኑን» አላት። በአምስተኛው ሳምንት አለቃዋ ጠርቶ፣ እንግዶች ስለሚመጡ ሰሌዳው እስከ ሐሙስ አረንጓዴ መሆን እንዳለበት ነገራት። መለያው ከሌለ እንደማይሆን ብታስረዳው፣ እንደ ምንም አድርጊው ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቁልፎቹን በመለያ መጥራት ትታ በቦታቸው ትጠራቸው ጀመር፤ በመጨረሻው ረድፍ ሁለተኛውን ተጫን፣ እያለች። እንግዳን «ሁለተኛው በር ነው» ብሎ እንደ መላክ መሆኑን ታውቃለች፤ በሮቹ ቢቀያየሩ ሰውየው የማያውቀው ቤት ሊገባ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ሰሌዳው ለምለም መስክ መሰለ።

አብሯት የሚኖረው አባቷ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ ቀኝ ዓይኑን ወስዶበታል፤ ግራውን ለማትረፍ በዚያው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦለት ነበር። ሰው ማስቸገር አይወድም፤ ስልኩ የሚነካውን እያነበበለት ጉዳዩን ራሱ ይጨርሳል። እንደሚመጣ ከቀኑ ሳምንት ቀደም ብሎ በገጹ ማረጋገጥ ነበረበት። የገጹ የመጨረሻ ሁለት ቁልፎች ግን ጽሑፍ የሌላቸው ሥዕሎች ስለሆኑ ስልኩ ሁለቱንም «ቁልፍ» ብቻ ይላቸዋል። ስለዚህ አስጠናችው።

«አባዬ፣ የመጀመሪያው መሰረዣ ነው፣ እለፈው። ሁለተኛውን ተጫን።»

በዚያው ሳምንት የገጹን መልክ የምትነድፈው ባለሙያ፣ እንዲህ ይሻላል ብላ የሁለቱን ቁልፎች ቦታ አቀያየረች። ለፈታሿ የነገራት የለም። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ሲጫን «ጥያቄዎን ተቀብለናል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ለማረጋገጥም ለመሰረዝም የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ስለነበረ ፍተሻው አለፈ። አባቷም ሳሎን ተቀምጦ ሁለተኛውን ተጫነ። ከሥራ ስትመለስ ብቻውን እንደጨረሰው የነገራት ኮራ ብሎ ነው።

በቀኑ እህል ሳይቀምስ ማልደው ሄዱ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ስሙን ፈልጋ ቀና አለች።

«የእርስዎ ተሰርዟል። ከእርስዎ ስልክ ነው የተሰረዘው፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

ፈታሿ ቆማ ገጹን በስልኳ ከፈተች። ቁልፎቹ ቦታ ተለዋውጠው ስታይ ክው አለች። ተለማመጠች፣ ሐኪሙ ዘንድ ገብታ ለመነች። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው አንድ፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ቅርብ የተባለው ቀን ከአምስት ወር በኋላ ሆነ። ዓይኑ እስከዚያ ይቆይ እንደሆነ ጠየቀችው። ጠብታ ጻፈላቸው።

ታክሲ ይዘው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ።

«እጄ ስቶ ነው» አለ አባቷ። «ከሥራሽም አስቀረሁሽ። ይቅር በይኝ።»

«እጅህ አልሳተም፣ አባዬ። የተጫንከው እኔ ያልኩህን ነው።»

ስለ ቦታው መቀያየር አስረዳችው። አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት።

ቢሮ ስትገባ ለአለቃዋ ሁሉን ነገረችው። ሌላም ሰው ሳያውቅ ሰርዞ እንደሆነ እንዲጣራ ጠየቀች።

«ሰሌዳው እኮ አረንጓዴ ነበር» አላት።

አረንጓዴ ያደረገችው ራሷ ናት። «ሰሞኑን» የሚሉት ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለየቁልፉ ቋሚ መለያም፣ ስልክ የሚያነበው ስምም አስቀመጠ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጠብታውን ጠዋትና ማታ ራሷ ታደርግለታለች። በአራተኛው ወር የሰሃኑን ጠርዝ በጣቱ መፈለግ ጀመረ፤ እሷም እንዳላየች ሆነች። ቀኑ ደርሶ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። ሐኪሙ የቀረውን አትርፈናል አላት። የቀረው ግን ጥቂት ነበር።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ምን ያህል እንደሚታየው ጠየቀችው።

«መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ» አለ።

አልዋሸም፤ ፊቱን ያዞረው ወደ መስኮቱ ነበር። እጁን ይዛ ከጎኑ ቆመች።