በጎን የሚከፈተው ቀሚስ

ቀሚሱን ከግድግዳው አውርጄ፣ ገልብጬ በሜትር ስለካው አክስቴ ለምን ዝም አለች?

ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ስፒል በጥርሷ ነክሳ። ቀሚሱ ከቀኝ እጅጌው ጫፍ ተነስቶ፣ በብብት በኩል እስከ ታች የተከፈተ ነው፤ በአሥራ አንድ ቁልፍ ይዘጋል። ሰው አገር አምስት ዓመት የልብስ ዲዛይን ስማር እንዲህ ያለ ቅድ አላየሁም።

«የድሮ ሰዎች አሠራር ነው?» አልኳት። አልመለሰችም። በስፒሉ ምክንያት መሰለኝ።

ያን ቅድ ከአንድ ሸሪክ ጋር በፋብሪካ አሰፍቼ ሸጥኩት፤ ሰው አደረገኝ። የፋሽን ትርኢት መድረክ ላይ ወጥቼ «ከእናቶቻችን የወረስነው ነው» አልኩ፤ ከየትኛዋ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በዓመቱ የባንክ ሠራተኛዋም ተማሪዋም ለበሰችው።

አንድ ቀን አክስቴ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ደንበኛዋ የቀሚሱን ፎቶ በስልኳ ይዛ ገባች።

«እትዬ፣ ይሄን ይስፉልኝ። ይኸው፣ ባለቤቱም እዚሁ አለ!»

«አልችልበትም።»

«ኧረ ባክዎ! ዓይንዎን ጨፍነው የሚሰፉትን?»

«ሁለቱም እጅሽ ደህና አይደል? ምን አነሰሽ በጎን የምትለብሺው?»

«ፋሽን ነዋ!» ሴትዮዋ ሳቀች። ብቻዋን መሳቋን ስታውቅ ወጣች።

አክስቴ መኪናዋን አቆመች። «ልጄ እጇን ማንሳት ሲያቅታት ነው እንደዚያ የቀደድኩት። በራሷ በኩል ሳጠልቅላት ትጮህ ነበር። በተኛችበት እጇን አስገብቼ እቆልፍላታለሁ።»

«በድንገት ታማ ሞተች አላላችሁኝም?»

«ሁለት ዓመት ተኝታለች። አንተ ትማር ነበራ! ሩቅ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?»

ተነስታ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን አየች።

«መንገድ መውጣት ትቻለሁ» አለች። «በሄድኩበት ከፊቴ ትሄዳለች፤ ስደርስባት ሌላ ሰው ናት። አስቁምልኝ፣ የወንድሜ ልጅ።»

በማግስቱ ፋብሪካ ሄድኩ። ሸሪኬ የሚቀጥለውን ጨርቅ እያስቆረጠ ነበር። ነገርኩት። ከልቡ አዘነ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አመለከተኝ። ማዶ ካሉት ሦስት ሱቆች በሁለቱ ደጃፍ ላይ ቀሚሱ ተሰቅሏል፤ የእኛ ሥራ አይደለም። «እኛ ብናቆም እነሱን ማን ሊያቆም ነው?» አለኝ። እንዲያም ሆኖ መቁረጡን አስቆምኩ።

ወደ አክስቴ ስመለስ ሱቋ ተዘግቷል። ደወልኩ፤ አታነሳም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጻፍኩላት፦ «አክስቴ፣ እኔ የምሠራውን አቁሜያለሁ። የሌሎቹን አልቻልኩም። ቅዱ የልጅሽ መሆኑን ለሰው ልናገር ወይስ ዝም ልበል? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።»

መልእክቱን እንዳየችው ስልኬ ያሳያል። ይኸው ሰባት ወሩ፤ አልመለሰችልኝም።