ሦስተኛው ልመና

በሱፍቃድ የቤተሰቡን ስብሰባ የጠራው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ከተነሣ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት የሠራ ሰው ስለሆነ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲነጋገር ካልጻፈ እጁ አያርፍም። ለባሕር ዳርቻ ሽርሽር እንኳ ቃለ ጉባኤ ያዘ። "ዘና የሚባልበት የቤተሰብ ጉዞ፣ ሞምባሳ" ብሎ ርዕስ ሰጠና በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ዘና ለማለት ማስመሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቀው የለም፤ ቤተሰቡ ለምዶታል።

ሐሳቡን ያመጣችው ሚስቱ ትርፌ ናት። ዕቁብ ወጥቶላት ሶፋ ትቀይራለች ሲባል፣ ሶፋው የትም እንደማይሄድ፣ መሄድ ያለባቸው እነሱ እንደሆኑ ተናገረች። ልጃቸው ናዝሬት ወዲያው ተስማማች። የናዝሬት ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ማሂ፣ ዓሣ ነባሪ ካለ እንደማትዋኝ፣ ከሌለ ደግሞ እንደማትሄድ አስታወቀች። ቀኑንም ትርፌ መረጠች፤ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ በሐምሌ ውስጥ ስምንት ቀን። እዚያ ድረስ ሄዳ ዓሣውን ሳትበላ በዓይኗ ብቻ አይታ ልትመለስ አላሰበችም።

አንድ ነገር ቀረ። በሱፍቃድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣና ወደ እናቱ ዞረ።

"እማዬ፣ አንቺስ ትሄጃለሽ?"

እማማ ወለተሰንበት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና፣ "እኔ ይቅርብኝ፤ እናንተ ሂዱ። አሮጊት ይዛችሁ ምን ልትሆኑ" አሉ።

በእሳቸው ቤት ይህ መልስ አልነበረም፤ የመልስ መጀመሪያ ነበር። የቀረበልህን ነገር በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ካልክ ስስታም ነህ። በሁለተኛው እሺ ካልክ ደግሞ ቸኩለሃል። ሦስተኛው ላይ፣ ጠሪው "በሞቴ" ሲል፣ "እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ" ተብሎ በቀስታ ይነሣል። ወለተሰንበት በዚህ ሥርዓት ነው አድገው የሸበቱት። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክባቸው እንኳ አባታቸው ሁለት ጊዜ መልሰው፣ በሦስተኛው ነው የሰጧቸው፤ ሁለቴ የተመለሱት ሽማግሌዎችም ቅር አላላቸውም፣ የሚመለሱበትን ቀን እያወቁ ነበር የሄዱት።

ስለዚህ ጠበቁ። ትርፌ እንደ ደንቡ፣ "ኧረ እማማ፣ ያለ እርስዎማ..." ብላ ስትጀምር ናዝሬት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ናዝሬት ነርስ ናት፤ በቅርቡ አረጋውያንን ስለ መንከባከብ ሥልጠና ወስዳለች፣ ሥልጠናው ደግሞ ገና አልበረደላትም።

"እማ፣ አትጫኛቸው። አልፈልግም ካሉ አልፈልግም ነው። ምርጫቸውን እናክብርላቸው።"

ትርፌ አፏን ዘጋች። በሱፍቃድ አንድ ጊዜ እናቱን፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱን አየና ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ "ወይዘሮ ወለተሰንበት በራሳቸው ፈቃድ ከጉዞው ቀርተዋል።" ወረቀቱ ለፊርማ ዞረ።

እሳቸውም ፈረሙ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማሩትን ፊርማ ፊደል በፊደል፣ ከወትሮው እጅግ ቀስ ብለው ጻፉት፤ አንዱ እንኳ "ኧረ ተዪው!" ብሎ እስክሪብቶውን እስኪነጥቃቸው ጊዜ መስጠታቸው ነበር። "በት"ን ጽፈው ጨረሱ፤ የነጠቃቸው የለም። ማሂ ብቻ ጠጋ ብላ ጽሕፈታቸው ቆንጆ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ወለተሰንበት ባሕር ማየት ይፈልጉ ነበር። እንዲህ በግልጽ መናገሩ ይሻላል፤ እሳቸው ለማንም አልተናገሩትምና። ባላቸው ፍሰሐ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መንገድ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ስለ ባሕሩ ያወራላቸዋል፤ ጠዋት ውኃው እንደሚሸሽ፣ ከሰዓት ተመልሶ እንደሚመጣ። ውኃ የት ሄዶ ነው የሚመለሰው? ይህን አንድ ቀን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ይሉት ነበር። ፍሰሐ ሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ ነይና ላሳይሽ፣ ጋቢናው ይበቃናል ብሎ ለምኗቸዋል። ቤቱን ማን ይይዛል፣ ይቅርብኝ አሉት። በሦስተኛው ዓመት ሲጠይቃቸው እሺ ሊሉት ቆርጠው ነበር፤ ቀሚስም አሰፍተዋል። ያን ዓመት ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፣ ተሳቢውም ቆመ። ቀሚሱን ለጎረቤት ልጅ ክርስትና ለበሱት።

ከእሑዱ ስብሰባ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ወለተሰንበት እንዲለመኑ ያላደረጉት ጥረት የለም። ሰኞ ዕለት ከኪዳን ሲመለሱ አራቱን ፎቅ አንዴም ሳያርፉ ወጡና፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ጉልበታቸው ጨርሶ እንደተሻላቸው ለትርፌ ነገሯት። ትርፌ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ውኃ ሰጠቻቸው። ማክሰኞ ራት ላይ አውሮፕላን ከአውቶቡስ ያነሰ እንደሚያንገጫግጭ መስማታቸውን አነሡ። በሱፍቃድ እውነት መሆኑን አረጋገጠላቸውና ወጡን ወደ እሳቸው አስጠጋ። ረቡዕ ማሂን ጠርተው፣ ሞምባሳ ላይ አሮጊቶች ምን እያደረጉ እንደሚውሉ ጠየቋት። ልጅቷ አስባ አስባ፣ አሮጊቶች ያሉ እንደማይመስላት ተናገረች።

ከሁሉም የከፋው፣ ጉዞው ገና ሁለት ወር ቢቀረውም፣ ቤተሰቡ ከአሁኑ በፍቅር መትጋቱ ነው። ናዝሬት የግፊት መድኃኒታቸውን በቀን በቀን ከፋፍላ በትንንሽ ከረጢት አሰረች። ትርፌ ስምንት ቀን የሚቆይ ድርቆሽ አዘጋጀች። በሱፍቃድ የጎረቤት ስልክ ቁጥሮችን በትልልቁ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። ለመቅረቱ ይህን ያህል የተደከመለት ሰው መሄድ እፈልጋለሁ ብሎ እንዴት አፉን ይከፍታል? ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ማታ ማታ ቶሎ መተኛት ጀመሩ። ናዝሬት እርጅና ነው አለች።

ሐሙስ ከሰዓት ነጅማ መጣች። በር ለበር ጎረቤታቸው ናት፤ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች፣ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው። በሱፍቃድ እናቱን በስምንቱ ቀን አደራ ብሏት ነበርና፣ ምን እንደሚወዱ ልትጠይቅ ነው የገባችው። ወለተሰንበት ምንም እንደማልፈልግ ተናግሬአለሁ ሊሉ ጀመሩና ድምፃቸው ከዳቸው። እንባቸው መጣ። ለእሷ፣ እንደ ልጅ ለሚያዩአት ጎረቤታቸው፣ ሁሉንም ነገሯት፤ የፍሰሐን ጋቢና፣ ቀሚሱን፣ ቀስ ብለው የፈረሙትን ፊርማ።

ነጅማ አልሳቀችም። እሷም ለሰርግ ስትጠራ ሁለቴ ካልተለመነች እንደማትሄድ፣ እናቷም እንደዚያው እንደነበሩ ነገረቻቸው። ከዚያ ግን እጃቸውን ያዘች።

"እማማ፣ የእርስዎ ልጆች የሚለምኑ አይደሉም፤ የሚያከብሩ ናቸው። የስም ዝርዝሩን ነገ እስከ ስድስት ሰዓት እንዲያመጣለት የእኛው ነስረዲን፣ የጉዞ ወኪሉ፣ ለበሱፍቃድ ነግሮታል፤ ትኬቱን የሚቆርጥላቸው እሱ ነው። ነገ ካልተናገሩ ያኔ ማንም ቢለምንዎ ዋጋ የለውም።"

"ለምኑኝ ብዬ ልለምን?" አሉ ወለተሰንበት።

"አይለምኑ። እፈልጋለሁ ይበሉ፤ ሌላ ምንም አይጨምሩ።"

ከሄደች በኋላ ቃሉን ብቻቸውን ሞከሩት። እፈልጋለሁ። በሕይወታቸው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ባላቸው፣ ስለ ታመመ ጎረቤት ብለውት ያውቃሉ። ስለ ራሳቸው ብለውት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከሩ፤ ምንም አልመጣላቸውም። ፊታቸው እስኪግል ድረስ አፈሩ።

አርብ ጠዋት በሱፍቃድ ከመሥሪያ ቤቱ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ፣ የስም ዝርዝሩን በፕላስቲክ ሸፍኖ ሊወጣ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ወለተሰንበት ከክፍላቸው ወጥተው ከፊቱ ቆሙ። ነጠላቸውን አልለበሱም፤ ይህ በራሱ እንግዳ ነገር ነው።

"በሱፍቃድ።"

"አቤት እማዬ።"

"እኔም እፈልጋለሁ።"

ዳቦ መስሎት ነው መሰል፣ ስመለስ ምን ላምጣልሽ ብሎ ጠየቀ። እሳቸው የበሩን ጠርዝ ያዙ።

"ባሕሩን ማየት እፈልጋለሁ። አብሬአችሁ መሄድ እፈልጋለሁ።"

በሱፍቃድ የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀረ። "እሑድ ይቅርብኝ አልሽ እኮ። ፈረምሽም።"

"ትለምኑኛላችሁ ብዬ ነዋ።"

ትርፌ ከወጥ ቤት ማንኪያ እንደያዘች ብቅ ብላ፣ እኔ እኮ ልለምን ነበር ስትል ናዝሬትን በዓይኗ ወጋቻት። ናዝሬት የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ደርቃ ቆመች። ይቅርታ ልትል ፈልጋ አረፋው ከለከላት። በሱፍቃድ ግን ሁለቱንም አላየም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ወደ እናቱ ቀና ብሎ፣ ወረቀት ሳይዝ መናገር ጀመረ።

"የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ቀን ጫማ ገዛሁልሽ። ይቅርብኝ፣ ለእህትህ ስጣት አልሽኝ። ይህ ቤት ሲደርሰን ትልቁን ክፍል ውሰጂ አልኩሽ፤ ይቅርብኝ። ዓይንሽን ላሳክምሽ ስል፣ ይቅርብኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ እለምንሽ ነበር፣ ታስታውሺያለሽ። ኋላ ደከመኝ እማዬ። ከእኔ እጅ የምትፈልጊው ነገር የለም ብዬ ተቀበልኩት። እሑድ ስጽፈው አልገረመኝም፤ ግን አሞኛል።"

ወለተሰንበት ጨዋነታቸውን እንጂ ይህን አስበውት አያውቁም። ልጃቸው ፀጉሩ ሸብቷል፤ ያን ጊዜ ጫማውን በካርቶን ታቅፎ ሲመጣ ግን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ከላብ የተነሣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ። ያን ቀን በቤቱ ውስጥ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተበላ ሁሉ ትዝ አላቸው።

"ለክቼው ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"ጫማውን። ማታ ሁላችሁም ከተኛችሁ በኋላ ለክቼዋለሁ። ልኬ ነበር። እህትህ ሁለት ዓመት ስታደርገው እግሯን አይ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንዴ ብቻ ብትደግምልኝ ብዬ ጠበቅኩ።"

"እኔም አንዴ ብቻ እሺ ብትይኝ ብዬ ጠበቅኩ" አለ በሱፍቃድ።

ከዚህ በኋላ ቤቱ ተረበሸ። ናዝሬት አፏን ተጉመጥምጣ መጥታ አያቷን አቀፈች፤ ከእንግዲህ ደጋግማ እንደምትጠይቃቸውም ማለች፤ ወለተሰንበትም ደጋግመሽስ አትጠይቂኝ፣ እኔ እነግርሻለሁ አሏት። ማሂ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ወንበር ለቅድመ አያቷ ይሰጥ ወይስ ለእሷ የሚለውን ክርክር ከአሁኑ ከፈተች። ነስረዲን በስልክ ስማቸውን መዘገበ። ሐምሌ ሊደርስ ሁለት ወር አለ፤ ፓስፖርቱን ዛሬውኑ ከጀመሩ ይደርሳል ብሎ አበረታታቸው። ለፓስፖርት ፎቶ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ቤቱ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ወለተሰንበት ንጹሕ ሻሽ አስረው ከልጃቸው ጋር ወረዱ።

አስፋልቱ ላይ ታክሲዎቹ ተከታትለው ይመጣሉ። በአቅራቢያው ካለው ፍርድ ቤት የሚወጡ ባለጉዳዮች ፋይል ታቅፈው በመኪኖቹ መሐል ይሹለከለካሉ። በሱፍቃድ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ።

"እማዬ፣ እጅሽን ስጪኝ" አለ።

ተው ራሴ እሻገራለሁ፣ ይቅርብኝ የሚለው አፋቸው ላይ ደረሰ። ስንት ዓመት ያለማሰብ የወጣ ቃል ነው፤ መልሰው ዋጡት።

"እሺ" አሉና እጃቸውን ሰጡት።

በሱፍቃድ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። የእናቱን እጅ እንደያዘ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። አንድ ታክሲ ፍሬን ይዞ ቆመላቸው፤ ሹፌሩም አንገቱን አውጥቶ እለፉ በሚል እጁን አወዛወዘ። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ወለተሰንበት ጣቶቹን ጠበቅ አድርገው ያዙና ጎተት አድርገው አሻገሩት።