ማን አየ?

ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ማን አየ» ይሏታል። የታሪክ መምህርት ናት፤ አንዱ ተነስቶ «በዚያ ዘመን እንዲህ ሆነ» ካለ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «ማን አየ?» ትለዋለች። ያየ ሰው የተናገረው የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው፤ ከእሱ ሰምቶ ወይም አንብቦ የተጻፈው ሁለተኛ ደረጃ። ከዚያ ወዲያ ያለውን «ስማ በለው» ብላ ትገላገለዋለች። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ስም ያተረፈላት መጽሐፍ ስለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቃጠሎ የጻፈችው ነው። አባቷ የሞተው በዚያ እሳት ነው፤ እሷ ያኔ ጡት አልጣለችም። መጽሐፉ የቆመው በአጣሪው ሪፖርት ላይ ነው። ሪፖርቱ ሠራተኞቹ ደንግጠው ወደ ተዘጋው በር ሮጡ፣ አባቷም እዚያው ተረግጦ ሞተ ይላል።

እናቷ በዚያው ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች፤ በዕለቱም ሥራ ላይ ነበረች። ልጅ መጽሐፉን ስትጽፍ ምዕራፍ ምዕራፉን ታነብላት ነበር፤ ልታስደስታት እንጂ ልትጠይቃት አልነበረም። በሩ ጋ ሲደርሱ እናት ሁልጊዜ እጇን ታነሳለች።

«አይ፣ አባትሽማ ወጥቶ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ...»

«እማዬ፣ ሪፖርቱ እንደዚያ አይልም። አንቺ ያን ቀን ደንግጠሻል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይምታታበታል።»

«ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ትላለች እናት እየሳቀች። ታረመች፣ ደግማ ታረመች፣ በኋላ እጇን ማንሳቱንም ተወችው። መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ግን «እስቲ አንብቢልኝ» ማለቷን አልተወችም። ልጅም፣ በቃ እናቴ ገባት አለች በልቧ።

ዘንድሮ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ የመምህርቷን መጽሐፍ አንብባ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሪፖርቱን የጻፈው ሰውዬስ እሳቱን አይቶታል?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ማን አየ» በገዛ ዱላዋ ተመታች። እሷም አብራ ሳቀችና «አጣርቼ እነግርሻለሁ» አለች።

አጣራች። ሰውዬው ከሌላ ከተማ የተላከ የቢሮ ሰው ነበር፤ የደረሰው ፍርስራሹ ከተጠረገ በኋላ ነው። የበሩን ነገር ከጋዜጣ ቃል በቃል ገልብጦታል፤ ጋዜጣው ደግሞ «እንደሚወራው ከሆነ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስማ በለው። ክው አለች። እሳቱን ያየችው ሰው ቤቷ ነበረች፣ በየቀኑ አንድ ገበታ ላይ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ለእሷ ነው።

መቅረጫዋን ይዛ ወደ ቤት ከነፈች። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ካልሲ ታጣምራለች። ካረጀች ወዲህ የጎረቤቶቿ ስም ይጠፋታል፣ ምድጃ ላይ የጣደችውንም ትረሳለች። እስካሁን አንዳቸውም ይህን ነገሬ ብለው አላነሱትም ነበር።

«እማዬ፣ የእሳቱን ቀን ንገሪኝ። ዛሬ አላቋርጥሽም።»

እናት ቀና ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በዕለቱ በማጠንጠኛው ክፍል የተቀሰቀሰው ቃጠሎ በፍጥነት በመዛመቱ፣ ሠራተኞቹ ከፍተኛ ድንጋጤ ውስጥ ገብተው ወደ ተዘጋው በር...»

ዕድሜዋን ሙሉ «በመዛመቱ» ብላ የማታውቅ ሴት ናት። የመጽሐፉ ቃል ነው፤ አንድም አልጎደለበትም።

«እሱ የእኔ ነው፣ እማዬ። እኔ የአንቺን ነው የምፈልገው። አባዬ ወጥቶ ነበር ትዪኝ አልነበር? ከዚያስ?»

እናት የያዘችውን ካልሲ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ግንባሯ ተኮማተረ፤ ከንፈሯ የሆነ ነገር ሊል ተንቀሳቀሰና ተወው።

«እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት?»

«አዎ፣ አንቺ።»

«ተሳስቼ ነዋ። አንቺው አርመሽኝ የለ እንዴ?»

አባቷ ወጥቶ ከነበረ ለምን ተመልሶ ገባ? ሰው ሊያወጣ? ሚስቱን ሊፈልግ? ይህን የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷንም በገዛ አፏ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አስረሳቻት። አባቷን በደንብ ሳታውቀው ቀብራው ነበር፤ አሁን ሞቱንም ቀበረችው። እንባዋ መጣ፤ እናቷን እንዳታስደነግጥ ዋጥ አደረገችው።

እናት ጠጋ ብላ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። ዓይን ዓይኗን ታያታለች፣ ውጤቷን እንደምትጠብቅ ተማሪ።

«ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ፣ እማዬ።»

«አጥንቼዋለኋ» አለች እናት ደስ ብሏት። «የልጄ መጽሐፍ አይደል።»