የቀጮው ሳቅ

ለገሰ ፊልሙ መለቀቁን የሰማው ከልጁ ከሉሊት ነው። እሁድ ከቀትር በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ባለበት ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

«አባዬ፣ ቫይራል ሆነሃል! ሰው ሁሉ ስለ አንተ ሳቅ ነው ኮመንት የሚያደርገው።»

ስክሪኑ ላይ፣ በአንድ የዴንማርክ ፊልም፣ ሁለት ሰዎች አንዲት ላም ጀልባ ላይ ለመጫን ይታገላሉ። ወፍራሙ ይገፋል፣ ቀጭኑ ይጎትታል፣ ላሟ ደግሞ ሁለቱንም ንቃ ቆማለች። ለገሰ ገና ሲያያቸው ደሙ ፈላ።

«ማነው የለቀቀው? ዴሊት ይደረግ ብዬ አልነበረም?»

ሉሊት ደነገጠች። ስልኩን ትታለት ወደ ክፍሏ ገባች።

ለገሰና ጓደኛው ንዋይ ለስድስት ዓመት የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ ራሳቸው በድምፃቸው እየተጫወቱት ዩቲዩብ ላይ ይጭኑ ነበር። ስቱዲዮ ብለው የሚጠሩት አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን የሚገኘውን፣ እንደ ክፍል ሰው የሚያስገባውን የንዋይን ቁም ሣጥን ነው፤ የተሰቀለው ካፖርት ድምፅ ይውጣል። ኢስት ፖይንት ውስጥ የኤርፖርት ሻትል መኪና የሚነዳው ለገሰና መጋዘን የሚሠራው ንዋይ፣ ሁለት ጎልማሶች፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው፣ በአንድ ማይክ ይጯጯሃሉ። የዴንማርኮቹ ስም አልጠራ ቢላቸው ወፍራሙን ድብልብል፣ ቀጭኑን ቀጮ አሏቸው። ድብልብል ንዋይ ነበር፤ ቀጮ ደግሞ ለገሰ።

ይህን የላም ፊልም የቀዱት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ነው። የለገሰ እናት ደሴ ላይ ያረፉት ማክሰኞ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አትላንታ ያለ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሲሰማ ለገሰ አልሰማም። መርዶ በስልክ አይነገር፣ ሰውየው ደግሞ መንገደኛ ጭኖ ሀይዌይ ላይ ነው የሚውለው። ትልልቆቹ ተመካክረው ቅዳሜ ማለዳ ቤቱ ሄደው ሊያረዱት ቀጠሩ፤ ንዋይንም «እስከዚያ አፍህን ያዝ» አሉት። ንዋይ ቀረጻውን ቢሰርዝ ለገሰ ይጠረጥራል። ስለዚህ የሆዱን በሆዱ ይዞ ቁም ሣጥን ገባ።

ለገሰ በዚያ ቀን እንደሳቀው በዕድሜው ስቆ አያውቅም።

ለቅሶው ላይ ቀኑን አሰላና ገባው። ንዋይ ሰው መካከል ተቀምጦ ነበር።

«ሐሙስ ዕለት ታውቅ ነበር?»

ንዋይ አንገቱን ደፋ።

«እናቴ አፈር ስትለብስ አንተ ታስቀኛለህ? ውጣልኝ!»

ይፍረድ እንግዲህ የሚፈርድ። ለገሰ ራሱ ለስንቱ ሰው መርዶ ደብቆ፣ ከሟች ልጅ ጋር ምሳ በልቶ ያውቃል። የራሱ ሲሆን ግን ባህሉ ተረሳና ንዋይ ብቻ ጥፋተኛ ሆነ። ሽማግሌ ተላከ፤ አልሆነም። ከአራት ወር በፊት ንዋይን ስትሮክ መታው፣ ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ወሰደበት ሲባል ለገሰ ሆስፒታሉ ድረስ ነዳ፤ ፓርክ አደረገ፤ አርባ ደቂቃ መሪውን ይዞ ተቀመጠና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለንዋይ ሻማ ያበራል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉታል ይህን።

አሁን ኮመንቶቹን ማንበብ ጀመረ፤ ንዴቱን ሊያባብስ ብሎ ነው።

«ዴንማርኮች እንዲህ ይቀልዳሉ እንዴ? ብርዱ ነው መሰለኝ።»

«ከሁለቱም ይልቅ ላሟ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ ዝም ትላለች።»

«አልሳቅኩም። ሁለት ሰዓቴን መልሱ።»

«የቀጮውን ሳቅ ባለቤቴ ሆስፒታል ሆና አሥር ጊዜ አስደገመችኝ። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።»

«ምነው ጠፋችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?»

አንዲት ተመልካች ደግሞ ረዘም አድርጋ ጽፋለች። «41ኛው ደቂቃ ላይ ቀጮ ባሕር ውስጥ ወድቆ ይስቃል፤ ድብልብል ጎትቶ ያወጣዋል። በዴንማርክኛው አይቼዋለሁ፤ እዚያ ወፍራሙ ይሰድበዋል እንጂ አያለቅስም። የእኛው ለምንድን ነው ድምፁ የተሰበረው?»

ለገሰ እየፈራ ወደዚያ ደቂቃ አለፈ። መጀመሪያ የራሱን ሳቅ ሰማ። ከዚያ የንዋይ ድምፅ መጣ። «ና ወንድሜ፣ ያዘኝ፤ አይዞህ፤ እኔ አለሁልህ» ይላል፤ «አለሁልህ» ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይዘጋል። ያኔ ለገሰ «ምን ሆንክ?» ሲለው ንዋይ የካፖርቱ አቧራ ነው ብሎ ነበር። ደግሞ ሰማው። ለሦስተኛ ጊዜ ሰማው። የእናቱ ለቅሶ የተጀመረው እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጉልበቱ አጠገብ፣ እሱ ሳያውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠላው ሰው ከሱ ቀድሞ አልቅሶላታል። ለገሰ በራሱ አፈረ። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

በሩን የከፈተችለት የንዋይ ሚስት መነን ናት። አይታው አልተገረመችም።

«እኔ ነኝ የለቀቅኩት» አለች ገና ሳይጠይቃት። «ድምፁ ሲጠፋ ቤቱ ጭር አለብኝ። ሰው ይስማለት ብዬ አፕሎድ አደረግኩት። ስለ እናትህ ሳላስብ… ይቅር በለኝ።»

«ተይው፣ መነን። እንዴት ነው?»

«ንግግር የምታለማምደው ቴራፒስት ምንም ብትል አይሞክርም። ፊልሙ ላይ አንተ ስትስቅ ብቻ ነው ቀና የሚለው። ቀኑን ሙሉ ያችኑ ሳቅህን ነው የሚሰማ።»

ንዋይ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ድብልብል የሚባለው ሰው ሸሚዙ ሰፍቶታል። ለገሰ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመ።

«ይቅር በለኝ፣ ንዋይ። ሰማሁት። ብቻህን ነው የተሸከምከው። እኔ እኮ የመጣሁት ከረፈደ ነው።»

ንዋይ በግራ እጁ ትከሻውን ይዞ አነሳው። አፉን ከፈተ፤ «እ… እ…» ከማለት በቀር የወጣ ነገር የለም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ በጣቱ የለገሰን ጉሮሮ ነካ አደረገ፤ ስልኩን አሳየው፤ መልሶ ጉሮሮውን ነካ።

«ሳቅልኝ ነው የሚልህ» አለች መነን።

ለገሰ እንባውን ጠርጎ ሳቀ። ንዋይ እጁን አወዛወዘ። ቀረጻ ላይ ሳቁ የውሸት ሲሆንበት «ድገም» የሚለው እንዲህ ነበር። ለገሰ ደገመ። እጁ እንደገና ተወዛወዘ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር አፉን ሲከፍት የመጣው ለቅሶ ነው፤ ስንት ነገር ሊክሰው የመጣ ሰው አንዲት ሳቅ አጣለት።

ንዋይ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ጠበቀውም፤ ለቅሶው ግን አላቆመም። በመጨረሻ ስልኩን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ፈልጎ ፊልሙን ከፈተ፤ ድምፁን ጨመረና ፊቱን ከለገሰ ወደ ስክሪኑ መለሰ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙ። ስልኩ ውስጥ ያለው ለገሰ መርዶ አልሰማም፤ በእሱ ቤት እናቱ አለችው፤ ጓደኛውም ያወራል። እሱም ከልቡ ይስቃል።