በከሰል ጭስ የታየች ፀሐይ

የይሄነው ቀኝ ዓይን የተበላሸው በምሥራቅ ምክር ነው። እሱ ግን የቀጣኝ ሰንበት ነው ይላል።

ምሥራቅ ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ጥቅምት 24 ቀን 2006፣ እሑድ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጨረቃ ፀሐይን ልትጋርድ ነበር፤ በሩቅ ደቡብ ሙሉ በሙሉ፣ እዚህ በከፊል። ግርዶሹን ልታነሣበት ካሜራ ተውሳለች። የፀሐይዋን ብርሃን የሚያደበዝዘው የሌንስ መከለያ ከባሕር ዳር እስኪመጣ መጠበቅ ግን አልሆነላትም። ይሄነው የዲከረንስ ዛፍ ግንድ በአፈር ደፍኖ ከሰል በሚያከስልበት ማሳ ስታልፍ፣ ጭሱ ፀሐይዋን አደብዝዞ ብርቱካን አስመስሏት አየች። መከለያ አገኘች።

«አያ ይሄነው፣ የጭሱን ቀዳዳ አሁን አይድፈኑት። ይጭስ።»

«ተክለ ሃይማኖት በእሑድ ውሎ እሳት መጠበቄ ሳያንስ ደግሞ ላንች ላጭስ?» ብሎ ሳቀ፤ አልደፈነውም።

«እኔ ከካሜራው ቁልፎች ላይ ዓይኔን አላነሣም። ፀሐይዋ እጅግ ስትጎድል እርስዎ ይንገሩኝ። በጭሱ በኩል ካዩ አይጎዳም።»

ይሄነው እንደ አነጣጣሪ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ጭሱን ገፈፈው።

«እያዩ ነው?»

«እያየሁ ነው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ሄደች። ይሄነው መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ወርቅነሽ ድንች ትልጣለች። የባሕር ዳሩ ሐኪም የቀኝ ዓይኑ ብርሃን አይመለስም ብሎታል።

«ታቦቱን ንቆ ከሰል ሲቆሰቁስ ነግሬው ነበር» አለች ወርቅነሽ። «ሦስት ሳምንት አፌ አልተዘጋም። ይሰማል እንዴ?»

«እውነቷን ነው» አለ ይሄነው። «ፎቶውስ ወጣ?»

ምሥራቅ ካሜራውን ሰጠችው። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ ወደ ስክሪኑ አጎነበሰ።

«ዳር ዳሩ ይታየኛል። መሐሉ የለም። ፀሐይዋ ናት ወይስ እኔ?»

አዎ፣ ፀሐይዋ ናት ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ፀሐይዋ የጎደለችው በጎኗ ነው። መሐሉ የእርስዎ ዓይን ነው» አለች። «ሰንበትም አይደለም። ጭስ ዓይን አያድንም፤ ተምሬዋለሁ። ቸኩዬ ነው ያሳየሁዎት።»

የወርቅነሽ ቢላዋ ቆመ።

«ታዲያ ታቦቱ እንዲምረኝ የተሳልኩትን ጧፍ ለማን ልስጥ?» አለ ይሄነው። ይህን ሲል አልሳቀም።

ወርቅነሽ ልጣጩን ከቀሚሷ አራገፈች። ሦስት ሳምንት ያለ ጥፋቱ ስትወቅሰው የከረመችውን ባሏን አየችው። ምሥራቅን አላየቻትም። ተነሥታ ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችው።