የእህቷ ደም በሳህን ላይ

ታናሽ እህቷን ደሟ ራሱ ነበር የሚያሰቃያት። ቀይ ሴሎቿ እንደ ማጭድ ይጎብጡና ቀጫጭን የደም ሥሮቿን ይዘጋሉ፤ ያኔ ቤተሰቡ ሁሉ አብሯት ይታመማል። ታላቅየዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌላ ሰበብ ከሰጠች ትዋሻለች።

ሰው ሁሉ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ደሙ የሚሠራው የጽንስ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ከተወለደ በኋላ ቀስ በቀስ ይተወዋል። እሱ የበዛበት ሴል ደግሞ አይጎብጥም። የእህቷ ደም ይህን የተወውን ሥራ ዳግም በጀመረ! የምትመኘው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ባል አግቢ ሲሏት እንኳ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከእህቷ ደም ገና ያልበሰሉትን ሴሎች ለይታ በላቦራቶሪ ሳህን አሳደገች፤ አዲስ መድኃኒትም ጨመረችባቸው። የጽንሱ ሄሞግሎቢን ሽቅብ ወጣ። ለማነጻጸር ያስቀመጠችውን፣ መድኃኒት ያልነካውን ሳህን ሳትለካ፣ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ለእህቷ ደወለች።

«ደምሽ አስታወሰ!»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ከሰዓት በኋላ ያንን ሳህን ስትለካው በእሱም ሄሞግሎቢኑ እኩል ወጥቷል። ወደ አለቃዋ ሮጠች።

«ሴሎቹን የምትመግቢያቸው ምንድን ነው?» አላት።

«ከጥጃ ጽንስ ደም የተጣራ ፈሳሽ፣ ሴረም ነው፣ ዶክተር።»

«የጽንስ ደም! እሱ ነዋ የቀሰቀሳቸው! መድኃኒቱ ምን አደረገ? ምንም።»

ቤት ስትደርስ እህቷ ከጎረቤት የተዋሰችውን የዋና ልብስ በቀሚሷ ላይ ደርባ መስታወት ፊት ቆማለች። ቀዝቃዛ ውሃ ሕመሟን ስለሚቀሰቅስባት በዕድሜዋ ዋኝታ አታውቅም።

«ወፍራም አስመሰለኝ አይደል? መቼ ነው ውሃ የምገባው?»

ታላቅየዋ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ ያንን ሴረም ለኔም ስጪኛ።»

«ለሰው አይሰጥም፣ እህትዬ። ለሳህን ብቻ ነው።»

ታናሽየዋ የዋና ልብሱን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚያ ያለው ደሜ ግን ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ታድሎ!» አለችና ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ጠዋት ስትገቢ ሰላም በይልኝ።»

አደራ አደራ ነው። ጠዋት ሌሎቹ ሳይገቡ ሳህኖቹ በሙቀት የሚቀመጡበትን ኢንኩቤተር ከፈተች፤ ሙቀቱ ፊቷን ነካት። ያ የታደለ ደም በሳህኑ ላይ ተኝቷል። ጎንበስ አለችና፣

«ናፍቀሃታል» አለችው።